የስልሳ ሽቲ ዕዳ

እስከ ዛሬ ድረስ አንድ ዓይነት ሳቅ ስሰማ ፊቴን አዞራለሁ። ጉንጩን በጫት የወጠረ ሰው፣ አፉን ሳይከፍት፣ በአፍንጫው የሚስቀው ሳቅ። ጫቱን የምጠላ እንዳይመስላችሁ። ድሬዳዋ ተቀምጦ ጫት መጸየፍ ሙቀቱን እንደ መጸየፍ ነው፤ ትርፉ ድካም ነው። አባቴም ከምድር ባቡር ጡረታ ከወጣ በኋላ እየቃመ ነው የኖረው፣ የሱ ሳቅ ደስ ይለኝ ነበር። እኔ የምጸየፈው የአንድ ሰው ሳቅ ነው። ስምንት ወር ሙሉ ገንዘቤን ልጠይቅ በሄድኩ ቁጥር የሳቀብኝን ሰው።

ልብስ ሰፊ ነኝ። የምሰፋው ሽቲ ነው፤ እኛ አገር ሴቱ ሁሉ ቤት ውስጥ የሚለብሰው ስስና ሰፊ የጥጥ ቀሚስ። የዚያን ዓመት ዒድ ሊገባ ሁለት ወር ሲቀረው የእቁብ ዕጣ ወጣልኝ። ዕድሜ ልኬን ሰው ያመጣልኝን ጨርቅ እየሰፋሁ የእጅ ዋጋ ስቀበል ኖሬያለሁ። አንድ ጊዜ እንኳ በራሴ ጨርቅ የራሴን ልብስ ሰፍቼ ላትርፍ ብዬ ተነሳሁ። ዕጣው ገና በስምንተኛው ሳምንት ስለወጣልኝ፣ ገንዘቡን ወስጄ ወደፊት የምከፍለው ብዙ ነበር። ዋስ የሆነችኝ ጎረቤቴ ናት፤ ቀፊራ ገበያ መሬት ላይ ዘርግታ ቲማቲም የምትሸጥ ሴት። "አንቺ ካልከፈልሽ የሚይዙት እኔን ነው። ቲማቲሜን እያሰብሽ ስፊ" አለችኝና ሳቀች። እሷ ስትስቅ ጥርሷ ሁሉ ይታያል።

ስልሳ ሽቲ ሰፋሁ። እግሬ አብጦ ጫማ እምቢ አለኝ። ሱቅ ስለሌለኝ ሁሉንም በሁለት ማዳበሪያ ከረጢት አስሬ መጋላ ወደሚገኝ አንድ የቆየ ጨርቅ ቤት ወሰድኩት።

ያንን ሱቅ ከልጅነቴ ጀምሮ ነው የማውቀው። ባለቤቱ ሽማግሌ ነጋዴ ነበሩ። እናቴ ጨርቅ ግዢ ብላ ስትልከኝ፣ ሽማግሌው በብረት ሜትራቸው ለክተው ይጨርሱና መቀሱን ከማስገባታቸው በፊት አንድ ስንዝር ይጨምራሉ። ለኔ ብቻ አይደለም፣ ለሁሉም ሰው ነው። አንድ ቀን ለምን እንደሆነ ብጠይቃቸው፣ "እጄ ተሳስቶ ቢሆንስ፣ ልጄ? የሰው ስንዝር ይዤ መሞት አልፈልግም" አሉኝ። እናቴ በዚያች ስንዝር የኔን ኮሌታ፣ የወንድሜን ኪስ ታወጣባት ነበር።

እኔ ሽቲዬን ይዤ ስሄድ ግን ሽማግሌው አልጋ ከያዙ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ግማሽ አካላቸው አይታዘዝላቸውም። ሱቁ ላይ የተቀመጠው ልጃቸው ነው፤ አርባን የተሻገረ፣ ሽቶው ከሱ ቀድሞ ሰላም የሚል ሰው። "አቦ እህቴ፣ ምን ችግር አለ? እዚህ ጣይው። ሸጬ እከፍልሻለሁ፣ ያልተሸጠውን ትወስጃለሽ" አለኝ። ለአንዱ ስድስት መቶ ብር ተስማማን፤ ከዚያ በላይ ከሸጠው ትርፉ የሱ ነው። ወረቀት ስጠኝ አልኩት። ከመሳቢያው ቁራጭ ወረቀት አውጥቶ "ስልሳ ሽቲ ገቢ፣ አንዱ በስድስት መቶ" ብሎ ጻፈና የሱቁን ማኅተም መታበት። ማኅተሙ ላይ ያለው የአባትየው ስም ነው፤ ንግድ ፈቃዱም በሳቸው ስም ነበር። ስሙን ሳይ ልቤ አረፈ። ያቺን ስንዝር አስታውሼ ነው መሰለኝ፣ የልጅየውን ፊርማ እንኳ አልጠየቅኩም። ልጅ ከአባቱ ወንበሩን ብቻ ሊወርስ እንደሚችል አላሰብኩም።

ለዒድ ስድስት ሺህ ብር ሰጠኝ። ሠላሳ ሺህ ቀረኝ። "ቀሪው እየተሸጠ ነው" አለ። የዒድ ማግስት ከቤት ስወጣ ሽቲዬን መንገድ ላይ አገኘሁት። አንገቱ ዙሪያ የማደርጋት ድርብ ስፌት አለች፣ ከሩቅ አውቃታለሁ። ደቻቱ ድልድይ ላይ አንዷ ለብሳዋለች። ባጃጅ ውስጥ እናትና ልጅ ለብሰውታል። ዳቦ ቤት ሰልፍ ላይ ሦስት ቆጠርኩ። ከተማው ሽቲዬን ለብሶ እየዞረ እሱ "ገበያው ሞቷል፣ ወላሂ አልተሸጠም" ይለኛል። እንግዲያው ያልተሸጠውን መልስልኝ ስለው፣ መጋዘን ነው አለኝ። ቁልፉን አምጣው ስለው፣ ቁልፉ የለም አለኝ። ከዚያ በአፍንጫው ሳቀ።

ድሬዳዋ ገንዘብ ለመጠየቅ አትመችም። ጠዋት ከሆነ ነጋዴው ሳይሸጥ ገንዘብ አያወጣም፣ ገዴን ትሰብሪያለሽ ይልሻል። ከስድስት ሰዓት እስከ አስር ሰዓት ከተማው በሩን ይዘጋል፤ በዚያ ሙቀት ማንም ማንንም አይፈልግም። አስር ሰዓት ላይ ሱቁ ሲከፈት እሱ የለም፣ ከኋላ ክፍል በርጫው ላይ ነው። እዚያም ገባሁ። ወለሉ ቅጠሉ ተቀንጥሶ በተጣለ የጫት እንጨት ተሸፍኗል፤ ክፍሉ የላብና የተደፋ ለስላሳ መጠጥ ይሸታል። ከጓደኞቹ ጋር ትራስ ተደግፎ ተጋድሟል። ከንፈሩ ዳር የሚወርደውን አረንጓዴ ምራቅ በእጁ ይጠርግና በዚያው እጁ ይጨብጠኛል። ገንዘብ ፈላጊ ነኝና እጄን አልከለክልም። ስወጣ ቀሚሴ ላይ እፈገፍገዋለሁ፤ ቤት ገብቼ በሳሙና አጥቤው እንኳ ያ እርጥበት ያለ ይመስለኛል።

የሚገርመው፣ በዚያ ሰዓት እንደሱ ደግ የለም። ምርቃናው ሲይዘው ሠላሳው ይቀርና አርባ ሺህ ይለኛል። ሱቅ ይከፍትልኛል፣ ሦስት የስፌት መኪና ይገዛልኛል፣ ሽቲዬን ጅቡቲ ይልክልኛል። ጓደኞቹ "ማሻአላህ" ይሉለታል። በማግስቱ ጠዋት ሄጄ ያልከውን ስጠኝ ስለው ዓይኑን በጨው አጥቦ ይጠብቀኛል። "እኔ? መቼ? ኧረ ተይ እህቴ፣ ሌላ ሰው ይሆናል።" አንድ ቀን እንዲያውም የትናንትናው ቃል የምርቃና ቃል ስለሆነ እንደማይቆጠር፣ የአገሩ ልጅ ሆኜ ይህን አለማወቄ እንዳሳዘነው ነገረኝ። መከረኝ። ገንዘቤን በልቶ መከረኝ።

በስድስተኛው ወር አዲስ ነገር አመጣ። "እኔን ለምን ትጨቀጭቂኛለሽ? ማኅተሙን አላየሽም? ሱቁ የአባቴ ነው። እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ የምጠብቅ ነኝ። ዕዳ ካለ የሱቁ ነው፣ ሱቁ የሱ ነው" አለኝና በአፍንጫው ሳቀ። ፍርድ ቤት ሂጂ ያሉኝ ነበሩ። የያዝኩት ወረቀት ላይ የሱ ስምም ፊርማም የለም። ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆመው ለማውረድ ይቸግራል ይባል የለ? እኔም እንደዚያው ሆንኩ።

እሺ ብዬ ወደ ሽማግሌው ቤት ሄድኩ። በሩን የከፈተችልኝ የልጅየው ሚስት ናት። ሽቲዬን ለብሳለች፣ ብርቱካናማውን። አንገቷ ላይ ያለችውን ድርብ ስፌት እያየሁ "እንደምን ዋላችሁ" አልኩ። ሽማግሌው ጣሪያ ላይ ከሚዞረው ቬንትሌተር ስር ተኝተዋል። የማን ልጅ እንደሆንኩ ሲነገራቸው አንድ ዓይናቸው ሳቀ። እጄን ያዙና ከግማሽ አፋቸው "አባትሽ... ደህና ሰው" የሚል ቃል በመከራ ወጣ። ሚስታቸው በማንኪያ ውሃ ሊሰጧቸው አጠገባቸው ተቀምጠዋል። "ሰው ሲመጣለት ደስ ይለዋል፣ አላህ ይስጥሽ" አሉኝና ውሃ ሊጨምሩ ወጡ። እኔና ሽማግሌው ብቻችንን ቀረን። ምን ልበላቸው? ማንኪያ ውሃ መዋጥ ላቃታቸው ሰው ልጅዎ ሌባ ነው ልበል? እጃቸውን እንደያዝኩ ሚስታቸው እስኪመለሱ ጠበቅኩና ደህና ይሁኑ ብዬ ወጣሁ። ባጃጅ ውስጥ ብቻዬን ስሳደብ ሹፌሩ ዞሮ አየኝ።

ሰባተኛው ወር ላይ ከሌላ ሥራ የማገኘው ገንዘብ ለእቁቡ አልበቃ አለ። ሦስት ሳምንት ዘለልኩ። ሰብሳቢው ምንም አላለኝም፤ ደግ ሰው ነው ብዬ አመሰገንኩት። አንድ ጠዋት ቀፊራ ስሄድ የጎረቤቴ ቦታ ባዶ ነው፣ ሌላ ሴት ሽንኩርት ዘርግታበታለች። ቤቷ ሄጄ ሳገኛት "ትንሽ ልረፍ ብዬ ነው፣ ወገቤን አሞኝ" አለችኝ። አላመንኳትም። ስጨቀጭቃት አመነች፤ የእቁቡ ሰብሳቢ ሦስቱንም ሳምንት ከሷ ነው የተቀበለው። የቲማቲም መግዣዋን ሰጥታ ጨርሳለች። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያንን ገንዘብ ለማስመለስ የማላደርገው ነገር እንደሌለ አወቅኩ።

በስምንተኛው ወር ሽማግሌው ሞቱ። ጎረቤት ለቅሶ እንደሚሄደው ነጠላዬን ደርቤ ሄድኩ። ግቢው ሞልቷል። ጀናዛው ሊወጣ ሲል ልጅየው ነጭ ጀለቢያ ለብሶ በሩ ላይ ቆመና እጁን አነሳ። "አባቴ ዕዳ ይዞ እንዳይሄድ" አለ፣ ድምፁ ተንቀጥቅጦ። "ገንዘብ ያለው፣ አደራ ያስቀመጠ ካለ፣ ከዛሬ ጀምሮ በኔ ላይ ነው። እስከ ሦስት ቀን እዚህ ቤት ይምጣ። አባቴን ዓፉ በሉት።" ይቅር በሉት ማለቱ ነው። ይህ ደግ ልማድ ነው፤ ከሟች ጋር ዕዳው እንዳይቀበር ሁሉም ልጅ ለአባቱ ይለዋል። አጠገቤ የቆመች ሴት እያለቀሰች "እንዲህ ያለ ልጅ ይስጥሽ" አለችኝ። ያ አፍ ነው። ስምንት ወር ሙሉ ከቅርብ አይቼዋለሁ፣ ምላሱ ስር ምን እንዳለ አውቃለሁ። አሁን ያንኑ አፍ በአባቱ ሬሳ ላይ ከፍቶ አስለቀሰን። እኔም አልቅሻለሁ፣ እውነቱን ለመናገር።

ሁለት ቀን አሰብኩ። ዕዳ ካለ የሱቁ ነው፣ ሱቁ የሱ ነው። ይህን ያለኝ ራሱ ልጅየው ነው። በሦስተኛው ቀን ወረቀቴን ይዤ ሄድኩ።

ድንኳኑ ስር ሦስት ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል፤ አንዱ ደብተር ይዘዋል። ልጅየው አጠገባቸው ነው። ደብተሩን ቀና ብዬ አየሁት፣ ባዶ ነው። ከኔ በፊት አንድም ሰው አልመጣም። ወረቀቴን ተቀባበሉት። "ማኅተሙ የሟች ነው" አሉ ደብተር የያዙት። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። "ልጄ፣ ሟችን ዕዳ አለበት ማለት ቀላል ነገር አይደለም። በዚያን ጊዜ አልጋ ላይ ነበር። ነገሩን ያውቀው ነበር? ነግረሽዋል?"

ልጅየው ያደረገኝን ሁሉ እዚያው ልዘረግፈው እችል ነበር። ያለ ፊርማ፣ ያለ ምስክር፣ በለቅሶ ቤት፣ ከትናንት ወዲያ አባቱን ቀብሮ ሕዝብ ያስለቀሰውን ሰው ልክሰስ? ማን ያምነኛል? ጎረቤቴ ቤቷ ተጋድማ ጣሪያ ስታይ ታየችኝ።

"አዎ" አልኩ። "ቤታቸው መጥቼ ነግሬያቸው ነበር። እከፍላለሁ ብለውኛል።"

ከመጋረጃው ጀርባ፣ ሴቶቹ ከተቀመጡበት፣ የሚስታቸው ድምፅ መጣ። "እውነቷን ነው፣ መጥታ ነበር። እጁን ይዛው ነበር። እኔ ውሃ ላመጣ ስወጣ ነው የነገረችው።" ባልቴቷ ለኔ መሰከሩልኝ፣ ሳልጠይቃቸው።

ልጅየው ይክዳል ብዬ ጠበቅኩ። ቢክድ ግን ታዲያ ዕቃውን ማን ተቀበለ ሊባል ነው፤ የተቀበለው ደግሞ እሱ ነው። ለአፍታ አየኝ። ከዚያ አንገቱን ደፍቶ "ልክ ናት። አባቴ ነግሮኝ ነበር፣ ክፈላት ብሎኝ ነበር" አለ። ቀና ሲል አፍንጫው ላይ ያቺ ሳቅ ነበረች። ሌላ ሰው ሐዘን ይመስለዋል፣ እኔ አውቃታለሁ። ምን እንዳሳቀው የገባኝ ደብተር የያዙት ሽማግሌ ጽፈው ሲጨርሱ ነው። "ሠላሳ ሺህ። ከውርሱ ላይ ይነሳል፣ የቀረው ለሚስትና ለልጆች ይከፋፈላል" አሉ። ሦስት እህቶች አሉት። አንዷ ከመልካ ጀብዱ የመጣች ናት፣ ልጅ ታቅፋ መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ አየችኝ። የሷን ድርሻ እያሰላች እንደሆነ ዓይኗ ላይ አየሁ። ሽቲዬን ሸጦ የበላው እሱ ነው፤ የሚከፍሉት እናቱና እህቶቹ ናቸው። ሽማግሌዎቹም ልጁን መረቁት፣ የአባቱን ዕዳ ሳያንገራግር አነሳ ብለው። እኔ ነኝ ይህን ያመቻቸሁለት። ስምንት ወር ሙሉ እሱን ስጸየፍ ቆይቼ በአንድ ቃል ሥራውን ጨረስኩለት።

ገንዘቡን ተቀበልኩ። የእቁቡን ከፈልኩ፣ ለጎረቤቴ ያወጣችውን መለስኩና አንድ ሳጥን ቲማቲም ገዝቼ ቀፊራ ቦታዋ ላይ አወረድኩላት። ሁሉንም ነገርኳት። ቲማቲሙን እየደረደረች "የሞተ ተጎዳ" አለችኝ። "አንቺ የወሰድሽው የራስሽን ነው።" የራሴን መውሰዴ እውነት ነው። ስጠይቅ የኖርኩትም ያንኑ ነበር።

ከወር ከምናምን በኋላ የሟች ሚስት ለገሃሬ ወደምሰፋበት ቤት መጡ። ጉልበታቸው አይታዘዝም፤ ከባጃጅ አውርጄ አስቀመጥኳቸው። ውሃ ጠጥተው ትንፋሻቸው ሲመለስ፣ "እየዞርኩ ነው" አሉኝ። "ሃምሳ ዓመት አብሬው ስኖር ዕዳ አለብኝ ብሎኝ አያውቅም። ያንቺን ከደበቀኝ ሌላም ይኖራል። ፋርማሲውን ጠየቅኩ፣ ዱቄት ቤቱን ጠየቅኩ። ድሮ ፍየል ይገዛበት የነበረው ጀልዴሳ ድረስ ሰው ላክሁ። ሁሉም የለም ይሉኛል። ወላሂ አፍረውኝ ነው። አንቺ ግን እውነተኛ ነሽ፣ መጥተሽ ተናገርሽ።" እጄን ያዙኝ። "ገንዘቡን አግኝተሻል። ግን ስምንት ወር አስለቅሶሻል። ዓፉ በይለት፣ ልጄ። ዓፉ ካላልሽው አፈሩ ይከብደዋል።"

አፌን ከፈትኩ። ብነግራቸው ልጅዎ ሌባ ነው ማለቴ ነው፣ የሚጦራቸው ደግሞ እሱ ነው። ብነግራቸው እኔም በሽማግሌ ፊት የዋሸሁ ነኝ። የመጀመሪያው ምክንያት ያምራል። አፌን የዘጋው ግን ሁለተኛው ነው።

"ዓፉ ብያለሁ" አልኳቸው። ይቅር በሉኝ ማለት የነበረብኝ እኔ፣ እሳቸውን።

ከሄዱ በኋላ አፌን ሦስት ጊዜ ተጉመጠመጥኩ።

ከመሄዳቸው በፊት ጌጥ የሌለው አንድ ሽቲ አዘው ነበር። ገና ጨርቁን ሳልቆርጥ ዋጋውን ከመቀነታቸው ፈተው እጄ ላይ ቆጠሩልኝ። ሲያልቅ ይከፍሉኛል ብላቸው "አይሆንም። ከእንግዲህ እኛ ቤት በዱቤ የሚገባ ነገር የለም" አሉ። ተቀበልኳቸው። ስቆርጠው ልኩን ጨረስኩና መቀሱን ከማስገባቴ በፊት አንድ ስንዝር ጨመርኩበት። ሌላ ምን እንደማደርግ አላወቅኩም ነበር።

በሳምንቱ ሽቲውን ለብሰው ተመልሰው መጡ። መሬት ይጎተታል። ጫፉን አንስተው በጣታቸው ለኩት። "ይሄ ትርፍ ነው፣ የከፈልኩት ለዚህ አይደለም። ቁረጪና ለራስሽ አስቀሪው። የሰው ስንዝር ቤቴ አይግባ" አሉኝ።

እግራቸው ስር ተንበርክኬ ቆረጥኩት።